ጊልበርት ኮሜዲ ኦፔራ የሚጽፈው እንዴት ነበር? የምንጣፉ ጠብስ በእርግጥ ምን ነበር?

ገቢር ሁለት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ እንግሊዛዊው የኮሜዲ ኦፔራ ደራሲ ዊልያም ሽዌንክ ጊልበርት ሕይወትና ሥራ ረዘም ያለ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። የሚገኘው ጽሑፍ አብዛኛው ሁለት ወሬ እየደጋገመ ያልፋል፤ አንዱ «ቁጡ ነበር»፣ ሌላው «ከዜማ ደራሲው ከአርተር ሰሊቫን ጋር በምንጣፍ ተጣላ»። ከ1871 እስከ 1896 ድረስ አብረው 14 ሥራ ያወጡ ሰዎች ታሪክ እዚህ ላይ ማለቅ ያለበት አይመስለኝም።

የምፈልገው ይህን ነው። ጠበቃ የነበረ ሰው እንዴት ቴአትር ውስጥ ገባ? ግጥሙ ይቀድም ነበር ወይስ ዜማው? ከሐሳቡ እስከ መጀመሪያው ምሽት ድረስ ሥራው በምን በምን ያልፍ ነበር? ገንዘቡስ እንዴት ይከፋፈል ነበር? ደግሞ ታሪኩ ጃፓን ውስጥ የሆነው «ሚካዶ» የሚባለው ኦፔራቸው የተጻፈው ሰይፍ ከግድግዳ ወድቆ ነው የሚባለው እውነት ነው? የምታውቁ አትሰስቱ።

ከመጋረጃ ጀርባ

በመግቢያው ልጀምር፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጊልበርት ኖቬምበር 18 ቀን 1836 ለንደን ውስጥ ስትራንድ አካባቢ ተወለደ። አባቱ የባሕር ኃይል ሐኪም ነበሩ፤ በኋላ እሳቸውም ጽሑፍ ጀምረዋል። ኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ተማረ፣ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ የመድፈኛ መኮንን ለመሆን ቢያስብም ጦርነቱ ቀድሞት አለቀ። ከዚያ አራት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ሠራ፣ ሥራውን አምርሮ ይጠላው ነበር። 300 ፓውንድ ውርስ ሲደርሰው ሥራውን ለቀቀ፤ በ1863 ጥብቅና ገባ። ደንበኛ ግን አልቀናውም፣ በዓመት አምስት ያህል ቢያገኝ ነው።

ያኖረው «ፈን» የሚባለው የቀልድ መጽሔት ነው። ከ1861 ጀምሮ ግጥም ይጽፍለታል፣ «ባብ» እያለ እየፈረመ ሥዕሉንም ራሱ ይሥልለታል። ጽሑፍህ ውስጥ ይህችን አትዝለላት፤ የኋላ ኦፔራዎቹ ዘር ያለው እዚያ ነው። «ትራያል ባይ ጁሪ» በ1868 እዚያው መጽሔት ላይ የወጣ የአንድ ገጽ ቀልድ ነበር። «ፒናፎር» የሚባለው ኦፔራም ከበርካታ የባብ ግጥሞች የተለቀመ ነው። ጊልበርት የጻፈውን ፈጽሞ አይጥልም፤ ከዓመታት በኋላ አንስቶ ያሠራዋል።

የመጀመሪያው የመድረክ ክፍያው የታወቀ ነው። በ1866 መጨረሻ ለሴንት ጄምስ ቴአትር አንድ የፌዝ ተውኔት በጥድፊያ ጻፈ። ራሱ እንደተረከው 30 ጊኒ ሲጠይቅ ሥራ አስኪያጁ «እኛ በጊኒ አንከፍልም፣ ፓውንድ እናድርገው» አለው፣ እሺ አለ። ጊኒ 21 ሺሊንግ፣ ፓውንድ 20 ስለሆነ በአንዲት ቃል 30 ሺሊንግ ሄደበት። ገንዘቡን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ሰውየው «ምክሬን ስማ፣ እንዲህ ያለ ጥሩ ሥራ ዳግመኛ በ30 ፓውንድ እንዳትሸጥ» አለው። ኋላ ላይ በውል ጉዳይ ያሳየውን ግትርነት ለመረዳት ከዚህ መነሳት ይሻላል።

ከ1869 እስከ 1875 «ጀርመን ሪድ» ለሚባል የእንግሊዝ ቤተሰብ ትንሽ አዳራሽ ስድስት አጫጭር ሙዚቃዊ ሥራዎች ጻፈ። ቴአትር ቤት መግባትን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ጨዋ ቤተሰቦች የሚሄዱበት ስፍራ ነበር። ተዋናዮቹ አራት አምስት ሰው ብቻ ናቸው፣ ብልግና አይፈቀድም፣ መድረኩ ጠባብ ነው። በጥቂት ሰው ብዙ ማሠራትን የተማረው እዚያ ነው። ከሰሊቫን ጋር የተዋወቁትም እዚያው በአንድ ልምምድ ላይ ነው።

የመጀመሪያው የጋራ ሥራቸው «ቴስፒስ» ዲሴምበር 26 ቀን 1871 ጌይቲ ቴአትር ተከፈተ፣ 63 ጊዜ ታየ። ቃሉ አለ፣ ሙዚቃው ግን አብዛኛው ጠፍቷል። ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ ሪቻርድ ዶይሊ ካርት ሮያልቲ ቴአትር ውስጥ ከሌላው ዜማ ደራሲ ከኦፈንባክ ሥራ ኋላ የምትታይ አጭር ነገር ሲፈልግ «ትራያል ባይ ጁሪ» መጣች፤ ማርች 25 ቀን 1875 ተከፈተች። አርባ ደቂቃ ገደማ ናት፣ ንግግር የሌለባት፣ ሙሉ በሙሉ የሚዜም። ሰሊቫን በሦስት ሳምንት ገደማ ነው ዜማ የሠራላት። የጥብቅና ዓመቶቹ ያላስገኙለትን ገንዘብ በመጨረሻ ከችሎት ያወጣው በዚች ነው ማለት ይቻላል።

ስንኝ ቆጣሪ

የአሠራሩን ነገር ልውሰድ።

ግጥሙ ይቀድማል፣ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል። ግን ከግጥሙም በፊት ብዙ አለ። ጊልበርት ታሪኩን መጀመሪያ በትልልቅ ደብተሮች ላይ ለሰው እንደሚወራ አጭር ወግ አድርጎ ይጽፈዋል። ከዚያ ያስረዝመዋል፣ ይሰርዘዋል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጽፈዋል። አንድ ሴራ ብዙ ጊዜ ተገለባብጦ ነው ቅርጹን የሚይዘው። ወጉ ሲጸና በገቢር ይከፍለዋል፣ ማን መቼ እንደሚገባና እንደሚወጣ ይወስናል፣ ዘፈን የት እንደሚያስፈልግ ምልክት ያደርጋል። የመጀመሪያው ገቢር ግጥሞች ሲያልቁ ለሰሊቫን ይላካሉ፤ ቃለ ተውኔቱ የሚስተካከለው ዜማው እየተሠራ ነው።

ሰሊቫን ደግሞ ግጥሙን ሲቀበል ዜማ አይፈልግለትም፤ መጀመሪያ ምቱን ይፈልጋል። አንዱን ስንኝ በተለያየ ምት እየጻፈ ይሞክራል፣ የማይጠበቀውን ይመርጣል፣ ዜማው ከዚያ ይመጣል። የኦርኬስትራው ቅንብር የሚጻፈው ተዋናዮቹ ልምምድ ላይ ሳሉ ነው። መክፈቻ ሙዚቃው መጨረሻ ላይ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ለረዳት ይተዋል። የ«ሚካዶ» መክፈቻ የረዳቱ የሐሚልተን ክላርክ ቅንብር ነው።

የፈጣን ዘፈኖቹን ነገር ቀረብ ብለህ እየው። «የፔንዛንስ የባሕር ወንበዴዎች» ውስጥ ያለው የጄኔራሉ ዘፈን እያንዳንዱ መስመር 16 ቀለም (ክፍለ ቃል) ነው፣ ሳይዛነፍ። ቤት የሚመታው በመጨረሻው ቀለም ብቻ አይደለም፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀለማት ነው፣ ይህ በእንግሊዝኛ በጣም አስቸጋሪ ነው። ጊልበርት ሆን ብሎ የሳይንስና የታሪክ ረጃጅም ስሞችን ወደ ቤት መምቻው ይገፋቸዋል። ጄኔራሉ ሁሉን ያውቃል፣ ጦርነትን ብቻ አያውቅም፤ የቃላቱ ክብደትና የምቱ ቅለት አለመመጣጠኑ ራሱ ቀልዱ ነው። ዘፋኝ ላይ የሚበላሸው ደግሞ ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ትንፋሽ ነው። የትኛው መስመር ጫፍ ላይ እንደሚተነፈስ አስቀድሞ ካልተወሰነ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ያልቃል። ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ዘፋኙ ከተመልካቹ ጆሮ ከቀደመ ሳቁ ይቀራል፣ ጭብጨባ ብቻ ይተርፋል።

ችግሩ ከግጥም ወደ ዜማም ይሄዳል። በ1888 «የዘበኞቹ ዮመን» ሲሠራ ጊልበርት ባንድ ዘፈን ላይ እያንዳንዱ አንጓ ካለፈው እየረዘመ የሚሄድ ግጥም ሰጠ። ሰሊቫን ሁለት ሳምንት ያህል ታገለ፣ አልሆን አለው። በመጨረሻ «ስትጽፈው በልብህ የምታዜመው ነገር ነበረ?» ብሎ ጠየቀው። ነበረ። በጊልበርት ጀልባ ላይ መርከበኞቹ የሚያዜሙት የሥራ ዘፈን ነው። ጆሮው ለሙዚቃ ደካማ የሆነው ጊልበርት እንደምንም አንጎራጎረለት፣ ሰሊቫን ቶሎ አስቁሞ «በቃ፣ ገባኝ» አለ።

ከመጋረጃ ጀርባ

ስንኝ ቆጣሪ ያለው ልክ ነው፣ ግን ጊልበርትን ደራሲ ብቻ አድርገን ግማሹን እየተውነው ነው። አዘጋጁም እሱ ነበር። በዚያ ዘመን ደራሲ ጽሑፉን ሰጥቶ ይሄዳል፤ መድረኩን ኮከብ ተዋናዩ እንደፈለገ ያደርገዋል። ጊልበርት ይህን አልፈቀደም።

ቤቱ ውስጥ የመድረኩ ሞዴል ነበረው። ልኬቱ አንድ ጫማ በግማሽ ኢንች ነው። ተዋናዮቹ የእንጨት ቁራጮች ናቸው፤ ወንዶቹ ሦስት ኢንች፣ ሴቶቹ ሁለት ኢንች ተኩል። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱን ሰው አቋቋም፣ አካሄድና ቦታ መቀያየር እዚያ ላይ ጨርሶ ይመጣል። ለ«ፒናፎር» ኤፕሪል 13 ቀን 1878 ፖርትስመዝ ድረስ ሄዶ የጦር መርከቦቹን ተመልክቷል፣ የመርከቧን ወለል ንድፍ ሥሎ ተመልሷል። መድረኩ ላይ ያለችው መርከብ ትክክለኛ መሆን ነበረባት።

ምክንያቱ ቀልዱ ራሱ ነው። የጊልበርት ዓለም የተገላቢጦሽ ዓለም ነው። አንድ የማይሆን ሕግ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ያንን ሕግ በፍጹም ቁም ነገር ይከተላል። የ«ወንበዴዎች» ፍሬድሪክ ወንበዴዎቹን ማገልገል ያለበት 21ኛው «የልደት ቀኑ» እስኪደርስ ነው። የተወለደው ፌብሩዋሪ 29 ስለሆነ ልደቱ በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ ስለዚህ ገና «አምስት ዓመቱ» ነው፣ ግዴታውን ይፈጽማል። ተዋናዩ እዚህ ላይ ለተመልካች ጠቀስ ካደረገ ሕጉ ሐሰት መሆኑን ራሱ ያስታውቃል፣ ነገሩ ይፈርሳል። ጊልበርት በ1877 ባወጣው «ኢንጌጅድ» በሚባል ተውኔት መግቢያ ላይ ይህንኑ ለተዋናዮች በጽሑፍ አስጠንቅቋል፤ ቁም ነገር እንጂ ፌዝ እንደምትሠሩ አትምሰሉ ነው ነገሩ። ከራስ የሚጨመር ቀልድ ክልክል ነበር። ቁጡ የሚለው ስም ግማሹ የመጣው ከዚህ ነው፤ የተቀረው ግማሽ ግን የሚገባው ነው፣ ክስ ይወድ ነበር።

ስለ ሰይፉ ደግሞ፦ ግድግዳው ላይ የጃፓን ሰይፍ ተሰቅሎ ነበር፣ ሐሳቡንም የሰጠው እሱ እንደሆነ ጊልበርት ራሱ ተናግሯል። «ወደቀ» የሚለው በኋላ ሌሎች የጨመሩት ጌጥ ነው። ከሰይፉ ይልቅ ጽሑፍህ ውስጥ መግባት ያለበት የ1884 ጠብ ነው። ጊልበርት፣ የዋጠውን ሰው እንደሚያስመስለው ዓይነት ሰው የሚያደርግ አስማተኛ እንክብል ያለበት ሴራ ይዞ መጣ። ሰሊቫን «ከዚህ በፊት የሠራነው ነው፣ ሰው ሰው የሚሸት ታሪክ ስጠኝ» ብሎ እምቢ አለ። ወራት ተጨቃጨቁ። ጊልበርት እንክብሉን ትቶ እሺ ሲል የተገኘው «ሚካዶ» ነው፤ ማርች 14 ቀን 1885 ተከፍቶ 672 ጊዜ ታየ።

ሰነድ አንባቢ

ለሰይፉ አንድ ማስተካከያ ልጨምር። ናይትስብሪጅ የነበረው የጃፓን መንደር ኤግዚቢሽን ነው «ሚካዶ»ን የወለደው የሚሉም አሉ። አይደለም። ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው በጃንዋሪ 1885 ነው፣ ሰሊቫን ግን በዲሴምበር 1884 ዜማውን እየሠራ ነበር። ኤግዚቢሽኑ የጠቀመው ለልምምዱ ነው፤ ጊልበርት ከዚያ ሰው አስመጥቶ ለተዋናዮቹ አካሄድና የማራገቢያ አያያዝ አስተምሯል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የሚወሳሰበው እዚህ ነው።

«ፒናፎር» ሜይ 25 ቀን 1878 በኦፔራ ኮሚክ ቴአትር ተከፈተ፤ የበጋው ሙቀት ገቢውን አቀዘቀዘው፣ ለትዕይንቱ ገንዘብ ያወጡት ባለአክሲዮኖች ሊዘጉት ተነሱ። ተርፎ 571 ጊዜ ታየ። ባለአክሲዮኖቹ ጁላይ 31 ቀን 1879 ትዕይንቱ እየታየ ሳለ ሰዎች ልከው የመድረኩን ቁሳቁስ በጉልበት ሊወስዱ ሞከሩ፤ የመድረክ ሠራተኞቹ ተደባድበው መለሷቸው። ካርት፣ ጊልበርትና ሰሊቫን ከዚያ ወዲያ ሌላ ባለአክሲዮን አላስገቡም።

አሜሪካ የባሰ ነበር። እስከ 1891 ድረስ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ደራሲን የቅጂ መብት አያስከብርም። «ፒናፎር» በየከተማው ያለ አንዲት ሳንቲም ክፍያ ታየ። ለ«ወንበዴዎች» ስለዚህ ዘዴ ዘየዱ። ኖታውን ሳያሳትሙ ዲሴምበር 31 ቀን 1879 ራሳቸው ኒውዮርክ ላይ ከፈቱ። የእንግሊዙ መብት ደግሞ እንዳያመልጥ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ፔይንተን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ አንዴ አሳዩት። እዚያ የተጫወተው ዙር ላይ የነበረ የ«ፒናፎር» ቡድን ነው፤ አንዴ ብቻ ተለማምደው፣ ወረቀት በእጃቸው ይዘው፣ የመርከበኛ ልብስ ለብሰው፣ ወንበዴ ለመምሰል ራሳቸው ላይ መሐረብ አስረው። ኒውዮርክም ቢሆን ጥድፊያ ነበር። ሰሊቫን የመጀመሪያውን ገቢር ረቂቅ እንግሊዝ ረስቶት ስለመጣ ከትዝታው ነው የጻፈው፣ አንዱን የተቀባዮች ዘፈን ደግሞ ከ«ቴስፒስ» አመጡት።

ዋናው ውል ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1883 የተፈረመው ነው፤ ለአምስት ዓመት። ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ትርፉ ለሦስት እኩል ይከፈላል። ተቀናሹ ውስጥ ለሳቮይ ቴአትር ኪራይ በዓመት 4,000 ፓውንድ፣ ግብር፣ መብራት፣ እንዲሁም ከትዕይንቱ ጋር የተያያዘና በተለመደው አገልግሎት የሚያረጅ ነገር ጥገና ይገባል። የቴአትሩ ባለቤት ካርት ነው፤ ስለዚህ ተከራይም አከራይም፣ ሒሳብ ያዥም እሱ ነው። የ1890 ጠብ የተተከለው እዚህ ነው።

«ጎንዶሊየርስ» ዲሴምበር 7 ቀን 1889 ተከፍቶ በጣም ተሳክቶለት ነበር። ጊልበርት በ1890 ጸደይ ከሕንድ ጉዞ ሲመለስ የመነሻ ወጪው 4,500 ፓውንድ መድረሱን አየ፤ ከዚያ ውስጥ ለፊት ለፊቱ አዳራሽ ምንጣፍ 500 ፓውንድ እንዳለ ተነገረው። ምንጣፉ ለብቻው 140 ፓውንድ ነበር። ጊልበርት ግን ዋጋውን አይደለም የተከራከረው። ተመልካች የሚረግጠው ምንጣፍ ከትዕይንቱ ጋር የተያያዘ ጥገና አይደለም፤ የሕንፃው ባለቤት ንብረት ነው፣ ኪራይ ደግሞ ከፍለናል ነው ያለው። የጠበቃ ክርክር ነው፣ ውሉን ስታነብ ደግሞ ያስኬዳል። ሰሊቫን ከካርት ጎን ቆመ። ካርት ያኔ ለሰሊቫን ትልቅ ኦፔራ አዲስ ቴአትር እያሠራለት ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ለጊልበርት ሳይከፈል የቆየ ድርሻ ተከፈለው፣ በሒሳቡም ላይ ስሕተት እንደነበረ ታወቀ። ሰሊቫን ለካርት ብሎ የሰጠው የመሐላ ቃል ግን ከገንዘቡ ሁሉ ይልቅ ጊልበርትን አስቆጣው።

ታርቀው ሁለት ሠሩ፤ «ዩቶፒያ ሊሚትድ» በ1893፣ 245 ጊዜ፤ «ግራንድ ዱክ» በ1896፣ 123 ጊዜ ብቻ። ከዚያ አበቃ። ሰሊቫን በ1900 ሞተ። ጊልበርት በ1907 ሰር ተባለ። ሜይ 29 ቀን 1911 ግሪምስ ዳይክ በሚባለው መኖሪያው ሐይቅ ውስጥ ዋና ሲያስቸግራት ያያትን ወጣት ሊረዳ ገብቶ ልቡ ቆመ፤ 74 ዓመቱ ነበር።

ገቢር ሁለት (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠየቅኩት በላይ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። ዛሬ ሥራዎቹን ተርጉሞ መድረክ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል? ሊያነብ የሚፈልግስ ከየትኛው ይጀምር?

ሰነድ አንባቢ

ከጊልበርት ቃልና ከሰሊቫን ሙዚቃ ላይ የቅጂ መብት ወርዷል፤ እንግሊዝ ውስጥ የጊልበርት ቃል ጥበቃ ያበቃው በ1961 መጨረሻ ነው። ጥንቃቄው ሌላ ቦታ ነው። ሰዎች ዘመናዊ እትም ያነሳሉ፤ በእትሙ ውስጥ አዲስ ቅንብር፣ የተስተካከለ ቃል ወይም የአርታዒ ማሻሻያ ካለ ያ ክፍል የራሱ መብት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የድሮውን እትም ተጠቀም፤ አዲሱን የምትይዝ ከሆነ ገጽ ላይ ያለውን ማሳሰቢያ አንብብ። የኦርኬስትራ ኖታ በኪራይ የሚመጣ ከሆነም ክፍያው ለወረቀቱ ነው፣ የኪራይ ውሉን ጊልበርት እንደሚያነበው አንብበው።

ስንኝ ቆጣሪ

ለትርጉም፦ ፈጣኖቹን ዘፈኖች ቃል በቃል አታንሳቸው። መጀመሪያ የኖታውን ምት ቁጠር፣ በአንድ ኖታ አንድ ቀለም መሆኑን አረጋግጥ፣ ከዚያ ቤት መምቻዎቹን ብቻ ምረጥና መስመሩን ወደ ኋላ ሙላው። ከመስመሩ መነሻ ጀምሮ የሚተረጉም ሰው ጫፉ ላይ ሲደርስ የሚያስቀው ቃል ቦታ ያጣል፤ ቀልዱ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ነው። የዘመኑን ፖለቲከኛ የሚነካ ስም ካለ ቦታውን ያዝና ሰውየውን ቀይረው። በ«ሚካዶ» ውስጥ ያለው የስም ዝርዝር ዘፈን ሲሠራ የኖረው እንደዚያ ነው።

የንባቡን በ«ትራያል ባይ ጁሪ» ጀምር፤ አጭር ናት፣ የተገላቢጦሽ አሠራሩ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ይታያል። ቀጥሎ «ፒናፎር»፣ ከዚያ «አዮላንቲ»። ለጌቶች ምክር ቤት የተወረወረው ፌዝ ከሁሉ የጠራው እዚያ ነው። «ግራንድ ዱክ»ን ግን ለመጨረሻ ተው፤ ሴራውን በወረቀት እየሣልክ ካልሆነ ማን ከማን ጋር እንደታጨ ይጠፋብሃል።